በነርሲንግ ምርምር ንድፈ ሐሳብንና ሥነ ምግባርን አጣምሮ መሥራት፦ ከጥያቄው እስከ ውጤቱ

በብዙ የነርሲንግ ፕሮፖዛሎች ውስጥ ንድፈ ሐሳብና ሥነ ምግባር ተገናኝተው አያውቁም። ንድፈ ሐሳቡ በጽሑፍ ዳሰሳው መጨረሻ ላይ በሣጥንና በቀስት ተስሎ ይቀመጣል፤ ሥነ ምግባሩ ደግሞ ከጥናት ዘዴው ምዕራፍ ግርጌ «ከገምጋሚ ኮሚቴው ፈቃድ ተገኝቷል፤ የተሳታፊዎች ምስጢር ተጠብቋል» በሚል አንድ አንቀጽ ይጠናቀቃል። እንዲህ ያለው ሥራ ከፈታኝ ፊት ሊያልፍ ይችላል፤ ለታማሚው ግን የሚፈይደው ነገር የለም። ታማሚውን ምን እንደምንጠይቀው የሚወስነው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ያንን ለመጠየቅ መብት እንዳለን የሚመረምረው ደግሞ ሥነ ምግባር ነው። ስለዚህ በመጠይቁ ላይ የሰፈረ እያንዳንዱ ጥያቄ ለሁለቱም መልስ ሊኖረው ይገባል።

ይህ መመሪያ በተለይ የመጀመሪያ ጥናታቸውን ለሚያቅዱ ነርሶች የተዘጋጀ ነው። ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንጓዛለን፦ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የክትትል ክሊኒክ የሚታከሙና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎልማሶች ራሳቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ የሚመረምር ጥናት።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ከሥራ ቦታ ማንሳት

ገና ሲነሣ «የኦሬምን የራስ እንክብካቤ ንድፈ ሐሳብ እጠቀማለሁ» ብሎ የወሰነ ተመራማሪ ችግሩን በንድፈ ሐሳቡ ልክ መቁረጡ አይቀርም። መነሻው በሥራ ላይ የታየው ነገር ቢሆን ይሻላል፦ ታማሚው ቀጠሮውን ሳያጓድል ይመጣል፣ መድኃኒቱን እንደሚወስድ ይናገራል፣ ስኳሩ ግን አልወርድ ብሏል፤ ወይም የእግር ቁስል ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ቁስሉ ጠቁሮ መሽተት ከጀመረ በኋላ ነው። ይህን ምልከታ ያለ ምንም የሙያ ቃል በአንድ አንቀጽ ይጻፉት። ቀጥሎም ጥያቄው ቀድሞ መልስ አግኝቶ እንደሆነ ይፈትሹ። በአገራችን ስኳር ታማሚዎች ራሳቸውን ስለ መንከባከባቸው የተሠሩ የአንድ ጊዜ ዳሰሳዎች ጥቂት አይደሉም። የሆስፒታሉን ስም ብቻ ለውጦ ያንኑ መድገም የታመመን ሰው ጊዜ ያለ ጥቅም መውሰድ በመሆኑ፣ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ እንጂ ከኮሚቴው ደጃፍ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ለጥያቄው የሚስማማውን ንድፈ ሐሳብ መምረጥ

ከነርሲንግ የወጡና ከሌሎች ሙያዎች የተወሰዱ ብዙ ንድፈ ሐሳቦች ስላሉ፣ የሚያብራሩትን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዶሮቲያ ኦሬም እ.ኤ.አ. በ1971 በተሟላ መልኩ ያቀረበችው ንድፈ ሐሳብ አንድ ሰው ለጤናው የሚያስፈልገው እንክብካቤ ራሱን ለመንከባከብ ካለው አቅም ሲበልጥ ጉድለት ይፈጠራል፣ ነርሷም የምታስፈልገው ያኔ ነው ይላል። የካሊስታ ሮይ የመላመድ ሞዴል ሰውን ከውስጥም ከውጭም ለሚመጡበት ለውጦች ምላሽ የሚሰጥ አድርጎ ስለሚያይ፣ እግራቸው ወይም ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ ኑሯቸውን እንደ አዲስ ለሚያደራጁ ሰዎች ጥናት ይመቻል። ማደሊን ሌይኒንገር ነርሷ የታማሚውን ባህላዊ ልማድ የምትጠብቅበትን፣ የምታመቻችበትንና ከእርሱ ጋር ተስማምታ የምታሻሽልበትን ሁኔታ ለይታ አስቀምጣለች። የካትሪን ኮልካባ የምቾት ንድፈ ሐሳብ ለካንሰርና ለማስታገሻ ሕክምና ክፍሎች ቅርብ ነው። ከሌላ ሙያ ከመጡት ውስጥ የጤና እምነት ሞዴል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ለምን እንደማይመጡ ሲያጠኑ የተወለደ ነው። ታዴየስና ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት የሦስቱ መዘግየቶች ማዕቀፍም ለመወሰን፣ ጤና ተቋም ለመድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት የሚባክነውን ጊዜ ለይቶ ስለሚያሳይ በእናቶች ጤና ጥናቶቻችን ውስጥ ሥር የሰደደ ነው።

ለመምረጥ ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ፦ ንድፈ ሐሳቡ ያየሁትን ችግር ያብራራልኝ እንደሆነ፣ ጽንሰ ሐሳቦቹ በተፈተነ መሣሪያ የሚለኩ እንደሆነ፣ ስለ ሰው ያለው አመለካከትም ለማጠናቸው ሰዎች ፍትሐዊ እንደሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አብዛኛው ተመራማሪ ይመልሳቸዋል። ሦስተኛው ግን ከቁም ነገር ሳይቆጠር ይታለፋል፣ መዘዙ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

የኦሬም ንድፈ ሐሳብ በጥድፊያ ሲነበብ ስለ ራሱ ብቻውን የሚወስን ሰውን የሚያስብ ይመስላል። በእኛ ዘንድ ግን ቤተሰቡ ከአንድ መሶብ ይበላል፤ ወጡን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ጤፉን የሚሸምተውም ምናልባት ሦስተኛ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩ አባት «የአመጋገብ ምክር አይከተሉም» ተብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጣቸው፣ ጥናቱ የለካው የቤቱን አኗኗር ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ ያደረገው ታማሚውን ነው። ኦሬም ራሷ ግን የቤተሰብ ሥርዓትን፣ የአኗኗር ልማድንና የሀብት አቅርቦትን ጨምሮ አሥር መሠረታዊ ሁኔታዎችን ዘርዝራለች፤ በሌላ ሰው እጅ ለሚገኝ እንክብካቤም ቦታ ሰጥታለች። ንድፈ ሐሳቡን ከቅንጭብ ማስታወሻ ሳይሆን ከነሙሉ አካሉ ማጥናት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጎዶሎ ንባብ ሰውን ይበድላል።

ሦስተኛ፦ ከጽንሰ ሐሳብ ወደ ጥያቄ መውረድ

አብዛኛው ድካም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ። በመጀመሪያው ዓምድ የንድፈ ሐሳቡ ጽንሰ ሐሳብ፣ በሁለተኛው እርሱን የሚለካው ጥያቄ፣ በሦስተኛው ደግሞ ጥያቄው በተሳታፊው ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጫና ይሰፍራል፤ ጫና ሲባል ጊዜን፣ እፍረትን፣ ሐዘንንና የምስጢር መውጣትን ያጠቃልላል። የመጀመሪያው ዓምዱ ባዶ የሆነበት ጥያቄ ይሰረዝ። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የወር ገቢና የጋብቻ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ወደ መጠይቅ የሚገቡት ከቀድሞ መጠይቅ በልማድ ተገልብጠው ነው። በትንተናው ውስጥ ሥራ የሚኖራቸው ከሆነ ይቆዩ፤ ከሌላቸው ግን ሰውን ብሔሩን ጠይቆ መልሱን ሳይጠቀሙበት መተው ተገቢ አይደለም።

ስሌቱን እንመልከት። ለአንድ ምጣኔ በተለመደው ቀመር፣ ማለትም በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ፣ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰንና በ50 በመቶ ግምት ሲሰላ፣ ለማይመልሱት 10 በመቶ ተጨምሮ የናሙናው ብዛት 423 ገደማ ይሆናል። መጠይቁ 40 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ ተሳታፊዎቹ በድምሩ 282 ሰዓት ሰጡን ማለት ነው። አንድ አንድ ደቂቃ የሚፈጁ አምስት አላስፈላጊ ጥያቄዎች ብቻ ከዚህ ውስጥ 35 ሰዓት ይበላሉ፤ ይህ ደግሞ ሌሊት ተነሥተው፣ ለጾም ስኳር ምርመራ እህል ሳይቀምሱ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ጊዜ ነው። ናሙናው ከሚገባው በላይ ሲያንስም እንዲሁ ያሳስባል፤ ምንም የማያረጋግጥ ጥናት ጥቂቶችንም ቢሆን በከንቱ አድክሟል።

አሁን መሣሪያውን ቀረብ ብለን እንየው። ለስኳር ታማሚዎች በሰፊው የሚያገለግለው የራስ እንክብካቤ መጠይቅ ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ስንቱን ቀን ጤናማ አመጋገብ እንደተከተሉ፣ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዳደረጉ፣ ስኳራቸውን እንደለኩና እግራቸውን እንደተመለከቱ ይጠይቃል። በአገራችን ግን ከሰባት ቀን እስከ ሰባት ቀን ያለው ልዩነት ብዙ ነው። ግማሹ መረጃ በዐቢይ ጾም፣ ግማሹ ከፋሲካ በኋላ ከተሰበሰበ ወይም የመረጃው ጊዜ ረመዳንን አቋርጦ ካለፈ፣ የምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የመብያውና የመድኃኒት መውሰጃው ሰዓት ጭምር ይለወጣል። ስለዚህ የመሰብሰቢያውን ወቅት አስቀድሞ መወሰን፣ አለዚያም ቀኑን መዝግቦ ተሳታፊው በዚያ ሳምንት ጾሞ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ስኳርን በቤት ስለ መለካት የሚጠየቀውም እንዲሁ ነው፤ መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ወይም መመርመሪያ ወረቀቱን ለመግዛት አቅም ላጠረው ሰው «ዜሮ ቀን» የሚለው መልስ ቸልተኝነትን አያሳይም። መጀመሪያ መሣሪያው እንዳለው ይጠየቅ። «ጫማዎን ከማድረግዎ በፊት ውስጡን ስንት ቀን ተመለከቱ?» የሚለውም ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የፕላስቲክ ጫማ ለሚያደርጉ ገበሬ ትርጉም ስለማይሰጣቸው፣ መጠይቁን በዋናው ናሙና ውስጥ በማይካተቱ ጥቂት ሰዎች ላይ ቀድሞ መሞከር አይዘለልም።

ጥናቱ በቃለ መጠይቅ የሚካሄድ ጥልቅ ጥናት ከሆነ የንድፈ ሐሳቡ ቦታ ይለወጣል፤ ተመራማሪው ንድፈ ሐሳብን ከመረጃው ውስጥ ሊያወጣው ይችላል። ግሌዘርና ስትራውስ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ዘዴ ያዳበሩት በሆስፒታል ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ሲያጠኑ ሲሆን፣ በቡድኑ ውስጥ ጂን ኩዊንት ቤኖሊየል የተባለች ነርስ እንደነበረች የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አራተኛ፦ ነርሷንና ተመራማሪዋን መለየት

የነርሲንግ ምርምር ከሌላው የሚለይበት ዋናው የሥነ ምግባር ችግር እምነት ነው። ታማሚው ነርሷን ያምናታል፤ መርፌውን የምትወጋው፣ ካርዱን የምታወጣለት፣ ሐኪሙ ጋ የምታስገባው እርሷ ናት። እንዲህ ባለችው ነርስ «ለጥናት ቢሳተፉልኝ» ሲባል ምን ያህሉ ሰው አይሆንም ለማለት ይደፍራል?

የዚህ እምነት መጥፎ ፍጻሜ በአሜሪካ አላባማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በተስኪጊ አካባቢ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ያጠና ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 399ኙ የቂጥኝ በሽታ ነበረባቸው። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን የተረጋገጠ ፈውስ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ተከለከላቸው። ለዐሥርት ዓመታት ሰዎቹን በመኪና እያመላለሰች፣ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ከጥናቱ ጋር ያስተሳሰረቻቸው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ጥቁር ነርስ ነበረች። ክፉ ሰው ነበረች ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ የሚወዷት፣ ደግነቷን የሚመሰክሩላት ባለሙያ እንደነበረች ነው የሚታወቀው። ጥናቱን ያን ያህል ዘመን ያቆየው ይኸው ደግነት በመሆኑ፣ መልካም ጠባይ ብቻውን ለተሳታፊው ዋስትና አይሆነውም። ከቅሌቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የወጣው፣ በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምርን ሥነ ምግባር የሚመለከተው የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበር፣ ጥቅምን ማብዛትና ጉዳትን መቀነስ፣ እንዲሁም ፍትሕ የሚሉትን ሦስት መርሖዎች ያስቀመጠ ሲሆን ኮሚቴዎች ዛሬም ፕሮፖዛልን የሚመዝኑት በእነዚህ ነው።

በተግባር የሚደረገው ይህ ነው። ታማሚውን የምታክመው ነርስ ለጥናቱ አትመልምለው፤ መረጃ ሰብሳቢዎች ከሌላ ክፍል ይምጡ፣ በጥናቱ ሰዓትም ነጭ ጋውን አይልበሱ። ታማሚው የሚጋበዘው ሐኪም ካየውና መድኃኒቱን ከተቀበለ በኋላ ይሁን፤ ወረፋ ላይ ሳለ የተጠየቀ ሰው እሺታው ተራውን የሚያፈጥንለት፣ እምቢታው የሚያስቀርበት ሊመስለው ይችላል።

አምስተኛ፦ ፈቃድ መጠየቅ

የፈቃድ ቅጹ በተሳታፊው ቋንቋ፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይጻፍ። ለምሳሌያችን ጥናት አጀማመሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። የመጣሁት የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቤታቸው ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ለማጥናት ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ለ40 ደቂቃ ያህል ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ። ስምዎ አይጻፍም። መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ መተው፣ በፈለጉ ጊዜም ማቋረጥ ይችላሉ። ባይሳተፉ ሕክምናዎ፣ ቀጠሮዎና መድኃኒትዎ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። በጥናቱ አሁን የሚያገኙት የተለየ ጥቅም የለም።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ ከቅጾች የሚቀረው ተሳታፊ ያሸሻል ተብሎ ተፈርቶ ነው፤ ሳይነገር የተገኘ ፈቃድ ግን ፈቃድ አይባልም።

በሆስፒታሎቻችን ታማሚን «እናቴ»፣ «አባባ» ብሎ መጥራት የተለመደና መልካም ነገር ነው። ፈቃድ በሚጠየቅበት ቅጽበት ግን «እናቴ፣ መቼም እምቢ አይሉኝም» የሚለው አነጋገር የቤተሰብ ይሉኝታን በሰውየው ወይም በሴትየዋ ላይ ይጭናል። በሥልጠና ወቅት መረጃ ሰብሳቢዎች ከዚህ እንዲቆጠቡ በግልጽ ሊነገራቸው፣ እርስ በርስም ሊለማመዱት ይገባል።

ማንበብ ለማይችል ተሳታፊ ቅጹ ከጥናቱ ነጻ የሆነ ምስክር ባለበት ይነበብለትና በጣት አሻራው ይፈርማል። ፊርማ ራሱ ሥጋት በሚያሳድርበትና ጉዳቱ አነስተኛ በሆነ ጥናት ኮሚቴው የቃል ፈቃድን ሊቀበል ስለሚችል፣ ይህን በፕሮፖዛሉ ውስጥ አስረድቶ መጠየቅ ነው። ተሳታፊው መረዳቱን ለማወቅ «ገባዎት?» ማለት አይበቃም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ቤት ሲገቡ ስለዚህ ጥናት ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ያልገባው ነገር ወዲያው ይታያል። የባል፣ የሽማግሌ ወይም የቀበሌ ይሁንታ በር ያስከፍታል እንጂ የሰውየውን የራሱን ፈቃድ አይተካም። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ከወላጅ ፈቃድ በተጨማሪ የልጁ የራሱ ስምምነት ይጠየቃል።

ከአገራችን ሊጠና የሚገባው አንድ ሥራ አለ። በወላይታ በፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በተለምዶ የዝሆኔ በሽታ ከሚባሉት አንዱ በሆነው የእግር እብጠት ላይ የዘር ውርስ ጥናት ሲታሰብ፣ ተመራማሪዎቹ ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት ፈቃዱ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ራሱን ማኅበረሰቡን ጠይቀው አጥንተዋል። በሽታው በዘር ይተላለፋል መባሉ በቤተሰቦች ላይ የነበረውን መገለል ሊያባብስ እንደሚችል የተረዱት በዚህ መንገድ ነው። ለመመረቂያ ጥናትም ቢሆን መጠይቁን ከማስጀመር በፊት ከጥቂት ታማሚዎችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር መነጋገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ስድስተኛ፦ ምስጢርን መጠበቅ

ሁለት ነርሶች ሁለት ታማሚ ይዘው በአንድ ክፍል በሚሠሩበት ተቋም ምስጢር መጠበቅ የሚጀምረው ባዶ ክፍል ከመፈለግ ነው። አስታማሚ አብሮ ካለ ተሳታፊውን ለብቻው ማነጋገር፣ ካልሆነም እርሱ አብሮኝ ይሁን እንዳለ ማረጋገጥ ይገባል። መጠይቁ ላይ የካርድ ቁጥር አይጻፍ፤ መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ዝርዝርም በሌላ ቦታ ይቆለፍበት። የታማሚን ካርድ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለመረጃ አስገቢ መላክ ሥራ የሚያቀል ቢመስልም ከምስጢር መጠበቅ ጋር ጨርሶ አይታረቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። በጥልቅ ጥናት ደግሞ ስም መደበቅ ብቻውን አያድንም፤ ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ቦታ አንድ ላይ ከተጻፉ የወረዳው ሰው ሁሉ ተናጋሪውን ያውቀዋል።

ሰባተኛ፦ ወደ ገምጋሚ ኮሚቴ መቅረብ

ለኮሚቴው ሙሉ ፕሮፖዛሉ፣ መጠይቁና የፈቃድ ቅጹ በሁሉም ቋንቋዎች፣ የመረጃ አያያዝ ዕቅዱና የተመራማሪዎቹ የሕይወት ታሪክ ይቀርባሉ። ከላይ የሠሩትን ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አባሪ ቢያደርጉት የገምጋሚዎቹ ግማሽ ጥያቄ ሳይነሣ ይመለሳል። ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከጤና ቢሮ የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ የሥነ ምግባር ፈቃድ አይደለም፤ የሆስፒታሉ አስተዳደር እሺ ማለቱም እንዲሁ። ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ወይም አዲስ መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ ተጨማሪ ብሔራዊ ግምገማ ሊኖር ስለሚችል ጊዜውን ቀድሞ ማስላት ይበጃል። ፈቃዱ ከመገኘቱ በፊት አንድም መጠይቅ አይሞላ፤ ከተገኘም በኋላ በመጠይቁ ላይ ለውጥ ቢደረግ ለኮሚቴው ይመለሳል።

ስምንተኛ፦ በመስክ ላይ የሚያጋጥመው

በመረጃ ስብሰባ ላይ የሚለካው ስኳር እጅግ ከፍ ብሎ ቢገኝ ወይም ተሳታፊው ካልሲውን ሲያወልቅ ማንም ያላየው ቁስል ቢታይ፣ መዝግቦ ማለፍ አይቻልም፤ መረጃ ሰብሳቢው ወደየትኛው ክፍል፣ ለማን እንደሚያስረክብ አስቀድሞ ተጽፎ ይያዝ። የድብርት መለኪያው ፒ.ኤች.ኪው. 9 ተጨምሮ ከሆነ ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። መልሱ እንዲህ ያለ ሐሳብ መኖሩን ሲያሳይ ተሳታፊውን በዚያው ዕለት የሚያገኘው ባለሙያ ካልተዘጋጀ ያንን መሣሪያ መጠቀም አይገባም። በመስክ ላይ ከሚያጋጥሙት ሁሉ አሳሳቢው ግን በጥድፊያና በድካም መረጃ ሰብሳቢው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ራሱ የሚሞላው መጠይቅ ነው። ክፍያውን በሞሉት መጠይቅ ብዛት ማድረግ ይህን ስለሚጋብዝ በቀን ቢታሰብ ይመረጣል፤ ሱፐርቫይዘሩም ከሞሉት ውስጥ ጥቂቱን በየዕለቱ ከክሊኒኩ መዝገብ ጋር ያመሳክር።

ዘጠነኛ፦ ትንተናና ውጤቱን መመለስ

በውጤት ማብራሪያው ላይ ንድፈ ሐሳቡ ተመልሶ መምጣት አለበት፤ ያላብራራውም ነገር በግልጽ ይጻፍ። የቤተሰብ ድጋፍ ተጽዕኖ ይኖረዋል ተብሎ ተጠብቆ ሳይገኝ ቢቀር፣ ያ ግኝት ለቀጣዩ ተመራማሪ ከሚጠበቀው ውጤት እኩል ይጠቅማል፤ ሠንጠረዡን እስኪያምር ድረስ መተንተን ግን ማጭበርበር ነው። የደራሲነት ስም ለሠራ ሰው ይሰጣል፤ ክፍሉን ስለሚመራ ብቻ ስሙ የሚገባ ኃላፊ ሊኖር አይገባም፣ መረጃ የሰበሰቡትም በምስጋና ይጠቀሱ። የታተመውን ጽሑፍ ታማሚዎቹ አያነቡትምና፣ ዋናው ግኝት በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ለክሊኒኩ ነርሶች ይሰጥ፤ ታማሚዎችም በቀጠሮ ቀን በሚሰጠው የጤና ትምህርት ላይ በቃል ይስሙት። ከውጤቱ ውስጥ ክሊኒኩ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊተገብረው የሚችለው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ታማሚው በመጣ ቁጥር እግሩ መታየቱን የሚያሳይ አንድ መስመር በክትትል ቅጹ ላይ መጨመር፣ ጥናቱ ከመዘጋቱ በፊት ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ ማስጀመር ይቻላል።